በረዶ ለማየት የሚጓዘው ሰው ሲበዛ፦ የዋልታው ሕግ የጎደለው፣ መንዝ ጓሳ የሚያውቀው

በየዓመቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ በአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ ከምትገኘው ከኡሽዋያ ወደብ መርከቦች ተሳፋሪ እየጫኑ በደቡብ ዋልታ ወዳለችው የበረዶ አህጉር፣ ወደ አንታርክቲካ ያመራሉ። ወቅቱ የዚያ አካባቢ በጋ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአንድ በጋ ወደዚያ የሚሄደው ጎብኚ 10 ሺህ አይሞላም ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በ2023/24 ግን ቁጥሩ ከ120 ሺህ አልፏል። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከመርከብ ሳይወርድ አይቶ የተመለሰ ሲሆን፣ የቀረው በጎማ ጀልባ ወደ ባሕሩ ዳር ተወስዶ መሬቱን በእግሩ የረገጠ ነው።

የደብረ ብርሃን ወይም የመሐል ሜዳ አንባቢ ይህን የሩቅ አገር ባለጸጎች ወሬ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። የአሥር ቀን ገደማ ጉዞ ለአንድ ሰው ከስድስት ሺህ ዶላር በታች ማግኘት ያስቸግራል፤ ብዙው ከአሥር ሺህ በላይ ነው። በዚያ ላይ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሚያደርሰው የአውሮፕላን ዋጋ አለ። ለአብዛኞቻችን የማይታሰብ ነው። ሆኖም በእነዚያ መርከቦች ዙሪያ ዛሬ የሚነሣው ክርክር የእኛም ክርክር ነው። ሰው የሚወደውን፣ ግን በብዛት ሲረግጠው የሚጠፋውን ቦታ እንዴት እናቆየው? ስንት ሰው ይግባ? መቼ ይከልከል? ማን ይወስን? በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ በሚባለው የሣር ደጋ ላይ ይህን ጥያቄ አባቶቻችን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በተግባር ሲመልሱት ኖረዋል። እነርሱ የደረሱበት መልስ ዛሬ ከዋልታው ሕግ የጎደለው ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ሰዎቹን ያን ያህል ርቀት የሚወስዳቸውን ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ የሚናቅ አይደለምና። ከኡሽዋያ ተነሥቶ ድሬክ የሚባለውን 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ማዕበለኛ ባሕር ለማቋረጥ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች መታየት ይጀምራሉ። ከውኃው በላይ ከሚታየው ይልቅ ከሥር የተደበቀው እጅግ ይበልጣል። አንዳንዱ በረዶ ነጭ ሳይሆን ጥልቅ ሰማያዊ ነው፤ ለረጅም ዘመን በራሱ ክብደት ተጨምቆ በውስጡ የነበረው አየር ስለወጣ ቀዩን ብርሃን ይውጥና ሰማያዊውን ይመልሳል። በባሕሩ ዳርቻ ጄንቱ፣ አዴሊና ቺንስትራፕ የሚባሉት የፔንጉዊን (መብረር የማይችለው የባሕር ወፍ) ዓይነቶች በሺዎች ሰፍረው ጠጠር በአፋቸው እየለቀሙ ጎጇቸውን ይሠራሉ፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲሰርቅም ይታያል። ባሕሩ ውስጥ ጣት የሚያህል፣ ክሪል የሚባል ፍጥረት በደመና መልክ ይርመሰመሳል። ፔንጉዊኑም፣ «ሲል» የሚባለው የባሕር እንስሳም፣ ዓሣ ነባሪውም በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ የሚኖሩት በእርሱ ነው።

የዓሣ ነባሪው ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ግሪትቪከን የሚባለው የዓሣ ነባሪ ማረጃ በ1904 ተከፍቶ ስድሳ ዓመት ያህል ሲሠራ ኖሯል። በደቡብ ባሕር ሀምፕባክ የሚባለው ዝርያ ለዘይቱ ሲባል ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማደኑ በየደረጃው ተከለከለ፤ በ1986 ደግሞ ለንግድ ማደን በዓለም አቀፍ ደረጃ ታገደ። ዛሬ ጎብኚው ከጀልባው ላይ ሆኖ ጅራቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሲጠልቅ የሚያየው ሀምፕባክ የዚያ ክልከላ ፍሬ ነው። የተዘጋ ነገር እንደሚያገግም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ይህን ነጥብ ልብ በሉልኝ፤ ወደ መንዝ ስንመለስ እንፈልገዋለን።

የዋልታ የአሰሳ ጉዞ የሚባለው ንግድ የተጀመረው በ1966 ነው። ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ የተባለ ስዊድናዊ አሜሪካዊ አስጎብኚ የመጀመሪያዎቹን ጎብኚዎች በኪራይ መርከብ ወደ አንታርክቲካ ወሰደ፤ በ1969 ደግሞ ለዚሁ ሥራ ተብላ የተሠራች ትንሽ መርከብ አስገባ። ሐሳቡ ከተለመደው የመርከብ ሽርሽር የተለየ ነበር። መርከቧ ትንሽ ናት፤ አካሏ በረዶ እንዲችል የተጠናከረ ነው፤ ምሽቱን ሳይንቲስቶች ያስተምራሉ፤ ቀኑን በጎማ ጀልባ ይወረዳል። መከራከሪያው ደግሞ «ያየ ሰው ይቆረቆራል» የሚል ነበር። ጎብኚው ወደ አገሩ ተመልሶ ለቦታው ጠበቃ ይሆናል ተባለ። በከፊል እውነት ነው። ለዋልታው የሚቆረቆሩ ብዙ ሰዎች ከእነዚያ ጉዞዎች ወጥተዋል። ነገር ግን ይህ መከራከሪያ ጎብኚው ጥቂት በነበረበት ዘመን የተነገረ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ሲሄድ ያስኬድ የነበረው ምክንያት መቶ ሺህ ሲሄድ ያንኑ ያህል ሚዛን አይደፋም።

ያቺው በ1969 የገባችው መርከብ ባለቤት ቀያይራ፣ «ኤክስፕሎረር» ተብላ ስትሠራ ቆይታ፣ በኅዳር 2007 በደቡብ ሼትላንድ ደሴቶች አጠገብ ከበረዶ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። በላይዋ የነበሩት 154 ሰዎች በነፍስ አድን ጀልባ ለሰዓታት ከቆዩ በኋላ ሌላ መርከብ ደርሶላቸው ሁሉም ተረፉ። ባሕሩ የዚያን ቀን ጸጥ ያለ ባይሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ነዳጇ ግን አብሯት ወረደ። ሕጉ እየጠበቀ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ከነሐሴ 2011 ጀምሮ በአንታርክቲካ ባሕር ከባድ የመርከብ ነዳጅ መጠቀምም ሆነ መጫን ተከለከለ፤ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በዋልታ ውኃ የሚሄዱ መርከቦች ሊያሟሉት የሚገባ ዓለም አቀፍ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በሰሜኑ ዋልታ በአርክቲክ የነዳጁ ክልከላ የጀመረው ገና በሐምሌ 2024 ነው፤ እርሱም እስከ 2029 ድረስ ለአንዳንዶች ፋታ የሰጠ ነው።

ጎብኚው ከመርከብ ወርዶ መሬት ከመርገጡ በፊት የሚያልፍበትን ሥርዓት በቅርበት ማየት ይጠቅማል፤ ከሁሉ ይልቅ ለጓሳ አስጎብኚዎች የሚጠቅም ነውና። ገና ከመርከቧ ሳይወርዱ ልብሱ ሁሉ ይፈተሻል። የጃኬት ኪስ ተገልብጦ በአቧራ መምጠጫ ይጸዳል። የቦርሳ ማሰሪያው፣ የሱሪው ጫፍ፣ የጫማው ሥር በወረንጦ እየተለቀመ የሣር ዘር ካለ ይወጣል። ቦት ጫማው ጀርም ማጥፊያ ፈሳሽ ያለበት ገንዳ ውስጥ ይነከራል፤ ሲመለሱም እንዲሁ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ከኤውሮፓ የመጣ ተራ የሣር ዓይነት በኪንግ ጆርጅ ደሴት በቅሎ ተንሰራፍቷል፤ ለመንቀል ተመራማሪዎች ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ከፔንጉዊን ቢያንስ 5 ሜትር፣ ጠጉራም ከሆነው የሲል ዓይነት 15 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። እንስሳው ራሱ ወደ ሰው ቢመጣ ሰው ባለበት ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይላል እንጂ መንገዱን አይዘጋበትም። ለ20 ጎብኚ አንድ አስጎብኚ ይመደባል። የወፍ ጉንፋን በጥቅምት 2023 ሳውዝ ጆርጂያ፣ በየካቲት 2024 ደግሞ አንታርክቲካ ዋናው ምድር መግባቱ ከተረጋገጠ ወዲህ ጎብኚ መሬት ላይ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ቦርሳ ማስቀመጥ ሁሉ ተከልክሏል። መሬቱን የሚነካው የጫማ ሥር ብቻ ነው።

ይህን ሥርዓት ያወጡት በዋነኛነት አስጎብኚዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ1991 ሰባት ኩባንያዎች ተሰባስበው የአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርን መሠረቱ። ከ500 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ ሰው ማውረድ አይችልም፤ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ከ100 ጎብኚ በላይ አይኖርም፤ በአንድ ቦታ ሁለት መርከብ በአንድ ጊዜ ሰው አያወርድም። ይህን ደንብ በ2009 የአንታርክቲካ ስምምነት አባል አገሮች በስብሰባቸው ተቀበሉት። ስምምነቱ ራሱ በ1959 በ12 አገሮች የተፈረመ ነው፤ ከአፍሪካ ከፈራሚዎቹ አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ሰባት አገሮች በመሬቱ ላይ ያነሡት የይገባኛል ጥያቄ በዚያ ስምምነት ባለበት እንዲቆም ተደረገ። በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው የአካባቢ ጥበቃ ሰነድ ደግሞ ማዕድን ማውጣትን ከለከለ።

እነዚህን ደንቦች በቅን ልቦና ሳያቸው አከብራቸዋለሁ። ገንዘብ የሚያገኙ ሰዎች እጃቸውን በራሳቸው ሲያስሩ ማየት ብርቅ ነው። ነገር ግን ደንቦቹ የሚገድቡት የአንዲቱን ሰዓት ብዛት እንጂ የበጋውን ሙሉ ድምር አይደለም። 100 ሰው ይወርዳል፤ ሲመለስ ሌላ 100 ይወርዳል። ይቺ መርከብ ስትሄድ ነገ ሌላዋ ትመጣለች። ለአንዳንድ ቦታዎች በቀን የሚፈቀደው የመርከብ ቁጥር ተወስኗል፤ ለአህጉሩ በአጠቃላይ ግን በአንድ በጋ ከዚህ በላይ ሰው አይገባም የሚል ጣሪያ የለም። ደግሞም ጎብኚው በሰፊው አንታርክቲካ ላይ የተበተነ አይደለም፤ አብዛኛው የሚያርፈው በአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኙ ጥቂት ቦታዎች ነው። ያ አካባቢ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚጠጋ የጨመረበት ነው።

ችግሩ በጫማ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ከመርከብና ከምርምር ጣቢያዎች የሚወጣው ጥላሸት በበረዶው ላይ ሲያርፍ የፀሐይን ሙቀት እንደሚስብ ለክቶ፣ ከ2016 እስከ 2020 በነበረው ጊዜ የእያንዳንዱ ጎብኚ ጉዞ 83 ቶን ያህል በረዶ እንዲቀልጥ አስተዋጽኦ ማድረጉን ገምቷል። ነጭ ነጠላ ላይ የወደቀ ጥቀርሻ ከሩቅ እንደሚታይ ሁሉ፣ በዚያ ንጹሕ በረዶ ላይ ትንሹም ጥላሸት ሥራ ይሠራል። ዋናው የሙቀት ምክንያት ጎብኚው አይደለም፤ የዓለም ፋብሪካ፣ የመኪናና የኃይል ማመንጫ ጭስ ነው። ይህን ሳይናገሩ ጎብኚውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ቢሆንም ጎብኚው እየጠፋ ነው የተባለውን ሳይጠፋ ለማየት በሚሄድበት መንገድ መጥፋቱን ማፋጠኑ የሚያሳዝን ነው። የጉዞ ማስታወቂያዎቹ ጥቂት የማይባሉት «ጊዜ ሳያልፍ ይምጡ» ነው የሚሉት። ይህን የንግድ ቃል እኔ ልቤ አይቀበለውም። የታመመን ሰው ለመጠየቅ መሄድ ሌላ ነው፤ ሊሞት ነው ተብሎ ትኬት ቆርጦ መሄድ ሌላ ነው።

መታመሙ ግን እውነት ነው። በየካቲት 2023 በአንታርክቲካ ዙሪያ የሚንሳፈፈው የባሕር በረዶ በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ወደ ዝቅተኛው መጠን ወረደ፤ 1.79 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ቀረ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2022፣ በቤሊንግስሃውዘን ባሕር ዳርቻ ካሉት አምስት የንጉሠ ነገሥት ፔንጉዊን ሰፈሮች በአራቱ በረዶው ያለጊዜው ተሰባብሯል። ጫጩቶቹ ውኃ የማያስገባ ላባ ገና አላበቀሉም ነበር፤ በእነዚያ ሰፈሮች አንድም ጫጩት የተረፈ እንደማይመስል ተመራማሪዎች ከሳተላይት ምስል አይተው ዘግበዋል።

የሰሜኑ ዋልታ ጉዳይ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ነጭ ድብ የሚታየው በዚያ ነው፤ በደቡብ ድብ የለም፣ በሰሜንም ፔንጉዊን የለም። ድብ ለማየት የሚሄዱት መርከቦች ከሚያዘወትሯቸው ቦታዎች አንዱ በኖርዌይ ሥር ያለው ስቫልባርድ የሚባለው የደሴቶች ስብስብ ነው። በሐምሌ 2018 በዚያ ከአንዲት መርከብ የወረዱ ጠባቂዎች ለጎብኚ ቦታ ሲያመቻቹ ድብ አንዱን አጠቃው፤ ሰውየው ቆሰለ፣ ድቡም በጥይት ተገደለ። ሰው የሚሄደው ድቡን ለማየት ነበር፤ ድቡ ግን የሞተው ሰው ስለመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በነበረው ረጅም ክርክር ማጠቃለያ ላይ ኖርዌይ ሕግ አወጣች። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በስቫልባርድ ጥብቅ ስፍራዎች የሚገባ መርከብ ከ200 ተሳፋሪ በላይ መያዝ አይችልም። በጥብቅ ስፍራዎቹ ጎብኚ ማውረድ የሚፈቀደው በተመረጡ 43 ቦታዎች ብቻ ነው። ከድብ 300 ሜትር፣ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ ደግሞ 500 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። አስጎብኚዎቹ አጉረመረሙ፤ ሕጉ ግን ጸና።

አርክቲክ ለእኛ ከሚመስለን ይልቅ ቅርብ ነው። ከመስከረም በኋላ በሰሜን ሸዋ ደጋ በአጥር ድንጋይ ላይ ቆማ ጅራቷን የምታርገበግብ፣ ስትበር ከጅራቷ በላይ ነጭ የሚታይባት ትንሽ ወፍ አለች፤ ሳይንቲስቶች ሰሜናዊ ዊትዪር ይሏታል። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። የዚህ ዝርያ ወፎች ከሚፈለፈሉባቸው አገሮች መካከል ግሪንላንድና አላስካ ይገኙበታል። በ2012 የታተመ ጥናት በአላስካ መከታተያ የታሰረላቸው ወፎች የዚያን አገር ብርዳማ ወቅት ለማሳለፍ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል በረው ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚደርሱ አሳይቷል። አርክቲክ ከቀሪው ዓለም በአራት እጥፍ ገደማ በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው ሲባል፣ የእነዚያ ወፎች መፈልፈያ እየተለወጠ ነው ማለት ነው። የመንዝ እረኛ በየዓመቱ የሚያያት ወፍ የዋልታውን ወሬ ይዛ ትመጣለች።

እንግዲህ በደቡብና በሰሜን ዋልታ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ኖርዌይ ሕግ ማውጣት የቻለችው ስቫልባርድን የማስተዳደር ሥልጣን ስላላት ነው፤ የሚጠየቅበት አካል አለ። አንታርክቲካ ላይ ውሳኔ የሚሰጠው በሁሉም ድምፅ ሰጪ አገሮች ሙሉ ስምምነት ነው፤ አንዲት አገር ብትቃወም ነገሩ ይቆማል። በ2024 በሕንድ ኮቺ ከተማ የተሰበሰቡት አገሮች ቱሪዝምን የሚመራ አጠቃላይ ማዕቀፍ ማዘጋጀት ለመጀመር ተስማምተዋል። ማዘጋጀት ለመጀመር መስማማት ግን ገና የመንገዱ መነሻ ነው።

ወደ መንዝ እንመለስ። ጓሳ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ውርጫማ ደጋ ነው። ስሙን የሰጠው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። አስታና ጅብራ ይበቅልበታል። ጭላዳው ሌሊቱን በገደሉ ላይ ያድርና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥቶ ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ይበላል፤ ወንዱ ቀይ ደረቱን ገልጦ፣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ከሩቅ ይታያል። በሌላ በኩል ቀይ ቀበሮው ብቻውን ሆኖ አይጥ ያድናል፤ በዓለም ላይ የቀሩት የዚህ ዝርያ አዋቂዎች 500 አይሞሉም፣ የሚገኙትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይጠፋ የቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ጓሳን ቄሮ በሚባል የመዝጋትና የመክፈት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ባለርስቶቹ አባ ቄራ የሚሏቸውን ኃላፊዎች ከመካከላቸው ይመርጡ ነበር። ሣሩ አድጎ እስኪደርስ ድረስ ጓሳ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ማንም ገብቶ ማጨድም ሆነ ማሰማራት አይችልም። ሣሩ ሲደርስ ተመካክረው ይከፍቱታል፤ ሰው ያጭዳል፣ ከብት ይገባል፣ ከዚያም እንደገና ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱን የሚያስፈጽመው የሩቅ ባለሥልጣን ሳይሆን ጎረቤቱ ነው።

የጓሳ ሕግ በዚያች ቅጽበት ስንት ሰው ሜዳው ላይ እንዳለ በመቁጠር አልተወሰነም። የሚጠይቀው ሣሩን ነው፤ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? የመክፈቻውና የመዝጊያው ጊዜ የሚወሰነው በመሬቱ ሁኔታ እንጂ በፈላጊው ብዛት አልነበረም። የአንታርክቲካ ደንብ ግን መነሻው መርከቡ ነው፤ የመጣውን መርከብ በሥርዓት ያስተናግዳል እንጂ «ዘንድሮ አይመጣም» የሚል ሥልጣን የለውም። ፔንጉዊኖቹ በወፍ ጉንፋን ሲጠቁ የተወሰኑ ማረፊያዎች ለጊዜው ይዘጋሉ። ከዚያ ባለፈ ግን አንድን ዳርቻ በሙሉ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ዘግቶ የማሳረፍ ልማድ የለም። አባ ቄራ ቢጠየቁ መልሳቸው ቀላል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ያልተዘጋ ጓሳ ጓሳ ሆኖ አይቆይም።

ሥርዓቱ ሲፈርስ የሆነውንም እናውቃለን። በ1975 የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ቀረ። ጓሳ የሁሉም ሆነ፤ የሚጠይቅበት ሰው ግን ጠፋ። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ዳሩ ታረሰ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተቆረጠ። አሮጌው ልማድ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልክ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል። በኋላ የአማራ ክልል ጓሳን የኅብረተሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው፤ ጠባቂዎች ተመደቡ፣ ለእንግዳ ማረፊያም ተሠራ። ለአንታርክቲካ የሚሟገቱ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያውቁት እወዳለሁ፤ ባለቤት ያለው ሕግ ሲፈርስ በአንድ ትውልድ ምን እንደሚጠፋ በተግባር ያሳያልና።

እኛም ከመርከበኞቹ የምንወስደው አለ። የመጀመሪያው የጫማ ገንዳው ጉዳይ ነው። ለቀይ ቀበሮ ትልቁ ሥጋት አዳኝ አይደለም፤ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ ቀበሮዎቹን በብዛት ጨርሷል። ጓሳ ውስጥ አንድ የታመመ ውሻ መግባት ማለት አንታርክቲካ ላይ የወፍ ጉንፋን እንደ መግባት ነው። እንግዳው ጫማውን እንዲያጸዳ ከመጠየቅ በፊት የአካባቢው ውሾች መከተብ፣ ከእንግዳም ሆነ ከእረኛ ጋር ውሻ ወደ ጥብቁ ስፍራ እንዳይገባ መጠበቅ አለበት። እንግዳው ወደ ቀበሮ ጉድጓድ የሚጠጋበት ርቀትም በሜትር ተጽፎ፣ በበሩ ላይ ተለጥፎ ሊታይ ይገባል። «ብዙ አትቅረቡ» ማለት ደንብ አይሆንም፤ አንዱ ብዙ የሚለው ለሌላው ጥቂት ነው። ጭላዳን በዳቦና በብስኩት ማባበል ደግሞ ከነአካቴው መቆም አለበት። በሌሎች የአገራችን ቦታዎች ጦጣና ዝንጀሮ ከሰው እጅ መብላት ሲለምዱ ምን እንደሚሆኑ አይተናል።

ባለፉት ዓመታት ጦርነቱና ግጭቱ እንግዳ ከሰሜን ሸዋ እንዲርቅ አድርጓል። ማረፊያው፣ በቅሎ አከራዩ፣ መንገድ መሪው ሁሉ ተጎድቷል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሰላም ሲወርድ እንግዳ ይመለሳል፤ ሲመለስም የተራበ ሁሉ በሩን ወለል አድርጎ ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ በቀን ስንት እንግዳ፣ በስንት መንገድ መሪ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚገባ የሚወስነው ደንብ አሁን፣ ሰው በሌለበት ጊዜ ቢጻፍ ይሻላል። የአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ማኅበራቸውን የመሠረቱት ጎብኚው ገና ጥቂት ሺህ በነበረበት ዘመን ነው፤ መቶ ሺህ ካለፈ በኋላ ጣሪያ ማበጀት ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ ዛሬ በየስብሰባው እየታየ ነው።

በአንድ ነገር ግን ጓሳና አንታርክቲካ ጨርሶ አይገናኙም። አንታርክቲካ ላይ ነዋሪ የለም። ዳርቻው ቢዘጋ የሚከስረው የመርከብ ባለቤት ነው። ጓሳ ሲዘጋ ግን ጣሪያዋ የሚያፈስስባት እናት፣ ከብቱ የከሳበት ገበሬ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ የእንግዳው ገንዘብ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ሣሩን ሳያጭድ ለቀረው ሰው ነው። የመግቢያው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ላይ ስንቱ ለጠባቂ ደመወዝ፣ ስንቱ ለአባል ቀበሌዎች እንደሚደርስ በየዓመቱ በገበያ ቀን፣ በመሐል ሜዳ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት ቦታ ይነበብ። በዝግ ዓመት ሣር ያጡ ቤተሰቦች ለጣሪያቸው ቆርቆሮ የሚገዙበት ድርሻ ከዚሁ ገቢ ይመደብላቸው፤ ስማቸውንም ከየጎጡ የሚያቀርቡት የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ይሁኑ።